ድንገተኛ ፈጠራ፣ ኅብረትና ማስተዋል፤ ስለ ቫዮላ ስፖሊን የልምምድ መጽሐፍ የቀረበ ሒስ

በአሁኑ ዘመን ሰዎችን ለአንድ ሥራ አስተባብሮ ለማሠልጠን በሚደረጉት ስብሰባዎች እየተለመደ የመጣ አንድ ዓይነት ልምምድ አለ። ተሰብሳቢዎቹ ወንበራቸውን ወደ ዳር ገፍተው ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ በዓይን የማይታይ ኳስ ለሌላው ይወረውራል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ሌሎቹም አስቀድሞ ያልተጻፈ ታሪክ እየተቀባበሉ ይተርካሉ። የዚህ ልምምድ አስተማሪዎች ሁለት ጥቅም ያስገኛል ይላሉ። አንደኛው በማኅበር የሚሠሩትን ሰዎች መተባበር ያጠናክራል፤ ሁለተኛውም ስለ ሥራቸውና ስለ ራሳቸው እንዲያስተውሉ ያደርጋል የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ቃል ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመግለጽ ያህል፣ መተባበርና ማስተዋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልምምዱ የመጀመሪያውን ሲያስገኝ ሁለተኛውን ግን በራሱ አያስገኝም እንላለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ለሕዝብ ባሕል ጥናት ተማሮች እንግዳ አይደለም። የገጠር ጥናት ብዙውን ጊዜ በቡድን የሚደረግ ሥራ ነውና፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ይመለከታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያሠማራው፣ 3 ተማሮች ያሉበት አንድ ቡድን፣ ስለ አንድ ሰበካ የጽዋ ማኅበር አጥንቶ ተመለሰ። በመግለጫውም ላይ ባል የሞተባቸው ሴቶች ለማኅበሩ ድግስ መዋጮ እንደማያወጡ ተጽፎ ነበር። ከሦስቱ ታናሽ የሆነችው ተማሪ ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑን የተናገረችው መግለጫው ቀርቦ ከታረመ በኋላ ነው። ሴቶቹ ጌሾውንና ብቅሉን በስውር እንደሚያዋጡ ማድቤት ተቀምጣ ከራሳቸው አፍ ሰምታ ኖሯል። ለምን ዝም እንዳለች በተጠየቀች ጊዜ «ጋሼ ጽፎ ጨርሶ ነበር» አለች። ጋሼ የተባለው የቡድኑ አለቃ፣ በዕድሜ የሚበልጣት የክፍል ጓደኛዋ ነው። ይህ ቡድን አልተጣላም፤ ሥራውን ተከፋፍሎ በጊዜው ፈጽሟል፤ መተባበር አልጐደለውም። የጐደለው ማስተዋል ነበር። ጥፋቱም ታናሺቱን ዝም ያሰኘውን ልማድ ሳይመረምር ያሠማራቸው የመምህሩ ነው። እንግዲህ ስለ ልምምዱ ጥቅም የሚነገረውን ስንመዝን ይህን ጉዳይ በፊታችን አድርገን ነው።

ዛሬ በየአዳራሹ የሚታዩት ልምምዶች አብዛኞቹ ምንጫቸው ቫዮላ ስፖሊን የተባሉት አሜሪካዊት በ1963 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት ለቴአትር የተዘጋጀ የድንገተኛ ፈጠራ መጽሐፍ ነው። ወይዘሮ ስፖሊን በ1906 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ፤ ከ1924 እስከ 1927 ድረስ በዚያው ከተማ በሐል ሐውስ ከኔቫ ቦይድ ዘንድ የጨዋታን ትምህርት ተማሩ። ሐል ሐውስ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ያቋቋሙት፣ ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች ፈልሰው በድህነት ለሚኖሩት ጎረቤቶች የተከፈተ የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት ነው። እዚያ የሚሰበሰቡት ልጆች ቋንቋቸው የተለያየ፣ ወላጆቻቸውም እርስ በርስ የማይተዋወቁ ነበሩ። ኔቫ ቦይድ እነዚህን ልጆች በቃል ትምህርት ከማስማማት ይልቅ ሕግ ባለው ጨዋታ ማገናኘት የተሻለ መሆኑን ያምኑ ነበር። ወይዘሮ ስፖሊን ከ1939 እስከ 1941 ድረስ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ውስጥ የቴአትር ተቈጣጣሪ ሆነው በቺካጎ ሲሠሩ ይህንኑ ዐሳብ ወደ መድረክ አመጡት። ልጃቸው ፖል ሲልስ በ1959 ሰከንድ ሲቲ የተባለውን የቺካጎ ቴአትር ከባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመ ጊዜ የእናቱን ጨዋታዎች መሠረት አደረገ። ስለዚህ ልምምዱ የተወለደው ለተዋናዮች ብቻ ሳይሆን ቋንቋ ለማይገናኛቸው የስደተኞች ልጆች መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የጨዋታዎቹ አሠራር ቀላል ነው። በአንደኛው፣ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አንዱ ከክፍሉ ይወጣል፤ የቀሩት ከመካከላቸው አንድ እንቅስቃሴ ጀማሪ ይመርጣሉ፤ ጀማሪው እጁን ወይም ራሱን ሲያንቀሳቅስ ሁሉም በቅጽበት ይከተሉታል፤ ወጥቶ የተመለሰውም ጀማሪው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ይጥራል። በሌላው፣ ሰዎች ትርጕም በሌለው ድምፅ እየተነጋገሩ ጉዳያቸውን በፊትና በእጅ ያስረዳሉ። በሦስተኛው፣ አንዱ የአንድ መኪና ወይም የአንድ እንስሳ ክፍል ሆኖ ሲቆም፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየገቡ የቀረውን አካል ይሞላሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የሚችለው ነገር የለም፤ ጓደኛውን ካልተመለከተ ጨዋታው ይቆማል። በዚህ ረገድ መጽሐፉ መተባበርን በስብከት ሳይሆን በሥራ የሚያስተምር ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል።

የመጽሐፉ ትምህርት በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው የትኵረት ነጥብ ነው፤ ይኸውም ተጫዋቾቹ ስለ ራሳቸው መልክና ስለ ተመልካቹ እንዳያስቡ ሐሳባቸውን ሁሉ የሚጥሉበት አንድ የተወሰነ ችግር ይሰጣቸዋል። ሁለተኛው መምህሩ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ከዳር ሆኖ በአጭር ቃል የሚያደርገው ማሳሰብ ነው። ሦስተኛው ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው፤ በዚህም ጊዜ የሚጠየቀው «ማን ጥሩ ተጫወተ?» ተብሎ ሳይሆን «የተሰጠው ችግር ተፈታ ወይስ አልተፈታም?» ተብሎ ነው። ወይዘሮ ስፖሊን የመምህሩን ምስጋናና ነቀፌታ የፈጠራ ጠላት አድርገው ይቈጥሩታል፤ ሰው የሌላውን ደስታ እየተጠባበቀ የሚኖር ከሆነ በራሱ ዓይን ማየት ያቆማል ይላሉና።

ከሦስቱ ምሰሶዎች በአሁኑ ጊዜ በየሥልጠናው ቆሞ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ኳሱ ይወረወራል፣ ሳቅ ይበዛል፣ ሰዎቹ ይቀራረባሉ፣ ከዚያም ቡና ይጠጣል። ሦስተኛው ምሰሶ፣ ማለት ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ምርመራ፣ «ምን ተሰማችሁ?» በሚል ጥያቄና «ደስ ብሎናል» በሚል መልስ ተተክቷል። ይህን ጥፋት በመጽሐፉ ላይ መለጠፍ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ ለዚህ ስንፍና በር የከፈተበት አንድ ስፍራ አለ። ወይዘሮ ስፖሊን መምህሩ ምስጋናውንና ነቀፌታውን ከተወ በክፍሉ ውስጥ ሥልጣን የሚቀር፣ ተጫዋቾቹም እኩል የሚሆኑ አድርገው ይጽፋሉ። ዳሩ ግን ሥልጣን በመምህሩ አፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም። በዕድሜ፣ በትውልድ፣ በጾታ፣ በማዕርግ፣ «አንቱ» እና «አንተ» በማለት ውስጥ ይኖራል። መምህሩ ዝም ሲል እነዚህ ሁሉ ዝም አይሉም፤ እንዲያውም ተቈጣጣሪ በማጣታቸው ይበረታሉ።

ይህን ነገር በይበልጥ የተመለከቱት በ1933 በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ኪት ጆንስቶን ናቸው። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻና በ1960ዎቹ በለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር ሠርተው፣ በኋላም ወደ ካናዳ ተሻግረው በካልጋሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1979 ባሳተሙት መጽሐፋቸው በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ማናቸውም ንግግርና እንቅስቃሴ፣ አቀማመጥ ሆነ አተነፋፈስ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ተማሮቻቸውንም ከፍታውንና ዝቅታውን ሆን ብለው እንዲለዋወጡ ያለማምዷቸው ነበር። በዚህ ነጥብ ከወይዘሮ ስፖሊን ይልቅ ለእኛ የቀረቡ ናቸው። ሰው ወንበር እንዲይዝ ሦስት ጊዜ በሚለመንበት፣ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ በሚነሣበት አገር የተወለደ አንባቢ የጆንስቶንን ገጾች ሲያነብ የራሱን ሳሎን ያያል።

ሆኖም ሚስተር ጆንስቶንና የሰከንድ ሲቲ ወገኖች ያስፋፉት አንድ ሕግ አለ፤ እርሱም ጓደኛህ ያቀረበውን ተቀበል፣ በላዩም ጨምር የሚል ነው። ለተዋናይ ይህ ሕግ ወርቅ ነው። አንዱ «ጀልባችን ውኃ እየገባባት ነው» ሲል ሌላው «ጀልባ የለም» ቢለው ጨዋታው ይሞታልና። ነገር ግን ሕጉ ከመድረክ ወጥቶ ወደ ሥራ ቡድን ሲገባ ማን ነው የሚቀበለው፣ ማንስ ነው የሚያቀርበው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ታናሹ የታላቁን ቃል መቀበልን ከእናቱ ጉልበት ጀምሮ ተምሮታል፤ ለእርሱ መቀበል አዲስ ልምምድ ሳይሆን የኖረበት ዕዳ ነው። ያቺ የገጠር ጥናት ተማሪ ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምራት ፈጽማዋለች፤ አለቃዋ ያቀረበውን ተቀብላለች። መቀበልን መማር የሚያስፈልገው ታላቁ ነው፤ ታናሹ ግን መማር ያለበት በአክብሮት ማቋረጥን ነው። አንድ ሕግ ለሁለቱም በእኩልነት ሲሰጥ እኩልነት የሚያመጣ ይመስላል እንጂ የነበረውን መበላለጥ ያጸናል።

አሁን ከመጽሐፎቹ ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ፤ ይህንም የምናደርገው «ይህ ሁሉ ከእኛ ዘንድ ነበረ» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ትምክሕት ባዕዱን መጽሐፍ ከመመርመር ያድናል፤ የራስንም ልማድ ከመመርመር ያድናል። የምንመለስበት ምክንያት፣ ልምምዱ አንድ ላይ ያስገኛል የሚባሉት ሁለቱ ጥቅሞች በአገራችን በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ለየብቻቸው ቆመው ስለሚታዩ፣ ልዩነታቸውን ለማየት ስለሚያመች ነው።

መተባበሩን በደቦ እናገኘዋለን። በአጨዳ ጊዜ ገበሬዎች በመሥመር ሆነው ማጭዳቸውን ሲያሳርፉ አንድ አውጪ ዘፈን ያወጣል፤ የቀሩት ይቀበሉታል። ተቀባዮቹ የሚመልሱት ቃል የታወቀና የማይለወጥ ነው፤ አውጪው ግን ግጥሙን የሚፈጥረው እዚያው ነው። ለባለ እርሻው ምስጋና፣ ለጠላው ቅጥነት ወቀሳ፣ ከመሥመር ወደ ኋላ ለቀረው ሰነፍ ቀልድ፣ ሁሉም ከዓይኑ ፊት የሚነሡ ናቸው። የዘፈኑ ምት የእጆቹን ምት ያስተካክላል፤ ድካም ይረሳል፤ የደከመም በቀልዱ ይነቃል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅን አርእስት አድርገው ባሳተሙት መጽሐፋቸው የአማራን ሕዝብ ግለኝነት በሰፊው ጽፈዋል። የደቦን ዘፈን ያዳመጠ ሰው ግን ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ በአንድ እርሻ ላይ፣ 20 ሰዎች እንደ አንድ አካል ሲንቀሳቀሱ ያያል። ይሁን እንጂ የፕሮፌሰር ሌቪን ሐሳብ ጨርሶ የሚጣል አይደለም። አውጪው በግልጽ ንግግር የማይደፍረውን በዘፈን ይናገራል፤ ባለ እርሻው ይስቃል፤ አጨዳው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ተባለው ነገር ተቀምጦ የሚነጋገር የለም። ጠላው ለምን ቀጠነ ተብሎ አይመረመርም። በደቦ ውስጥ ድንገተኛ ፈጠራ አለ፣ ፍጹም የሆነ መተባበርም አለ፤ ማስተዋል ግን ከነዶው ጋር አይሰበሰብም።

ማስተዋሉን የምናገኘው በቅኔ ቤት ነው። በጎጃም እነዋሸራን፣ በወሎም ዋድላን የመሳሰሉት ቦታዎች ስማቸው የገነነው በዚህ ትምህርት ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን እያጠና ወደ ዱር ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ጀማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው እየወጣ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ይዞ መጥቶ በአስነጋሪው ወይም በየኔታ ፊት ይናገራል፤ የጐደለው ይሞላለታል፣ የተጣመመው ይቃናለታል። የኔታም በተራቸው ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ማለት ከዚያ በፊት ያልነበረውን በጉባኤው መካከል ይቀኛሉ፣ ሰሙንና ወርቁንም ያስረዳሉ። መዝረፍ የሚለው ቃል በተራው አማርኛ የሰውን ገንዘብ በኃይል መውሰድ ሲሆን ለድንገተኛ ድርሰት ስም መሆኑ የሚያስደንቅ ነው፤ ቅኔው ከወዴትም ተነጥቆ የመጣ ያህል ይቈጠራልና። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የሌላውንም የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው።

ከዚህ ሥርዓት ልንማረው የሚገባን ዋና ነገር የእርማቱ ጠባይ ነው። የቅኔው ሕግ፣ ማለት የቤቱ ቍጥር፣ የዜማው ልክ፣ የሰሙና የወርቁ መገጣጠም፣ በጉባኤው ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እርማቱ በቅኔው ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አይወድቅም። ቤት የጐደለው ቅኔ የታላቅ መምህርም ቢሆን ቤት የጐደለው ነው። በዓል በሚከበርበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ሲሰጥ ያማረውን ሊቃውንቱ «ይበል!» ይሉታል፤ ይህም ምስጋና ወይዘሮ ስፖሊን እንደ ፈሩት ያለ ባዶ ምስጋና አይደለም፤ ምሥጢሩን የተረዳ ሰው ምስክርነት ነው። እንግዲህ ምስጋናና ነቀፌታ በራሳቸው የፈጠራ ጠላት አይደሉም፤ ጠላት የሚሆኑት ሕጉ ባልታወቀበት ስፍራ ነው። ሕጉ ሳይታወቅ የሚሰጥ ፍርድ የፈራጁን ፊት እንድንጠባበቅ ያስገድደናል። ይህ የመጽሐፉን ትምህርት የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያርም ነው።

ሆኖም ቅኔ ቤትን ለማኅበር ሥራ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። ቅኔ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ተማሮቹ ይፎካከራሉ እንጂ አንድ ቅኔ በጋራ አይሠሩም። የመጨረሻው ቃል የየኔታ ነው፤ ጀማሪው የአስነጋሪውን እርማት ቢጠራጠርም ጥርጣሬውን ለራሱ ይዞ ይሄዳል። በሩም ለሴቶች እጅግ ጠባብ ነበር። ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት መነሣቱ የችሎታቸውን ታላቅነት ሲያሳይ፣ መሰሎቻቸው ጥቂት መሆናቸውንም ያሳየናል። ስለዚህ ደቦ ማስተዋል የሌለው መተባበር፣ ቅኔ ቤትም መተባበር የሌለው ማስተዋል ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የወይዘሮ ስፖሊን መጽሐፍ ዋጋው ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ለማገናኘት መሞከሩ ነው፤ መመዘን ያለበትም በዚህ ሙከራው ነው።

ሙከራው ወደ አገራችን ሲመጣ የሚገጥመው አንድ ችግር የቃል ነው። ከጨዋታው በኋላ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ጊዜ «ግምገማ» ተብሎ ይተረጐማል። ትርጕሙ ከመዝገበ ቃላት አንጻር ቢታይ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቃላት መዝገብ ውስጥ ብቻ አይኖሩም። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ በየውይይት ክበቡ «ሒስና ግለ ሒስ» ይደረግ ነበር፤ ከ1991 በኋላም በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ «ግምገማ» የሚባል ስብሰባ ተለመደ። በእነዚህ ስብሰባዎች ብዙ ሰው የተማረው ነገር፣ ከሥራ በኋላ ተቀምጦ መነጋገር ማለት አንድ ሰው ተነሥቶ የሚወገዝበት፣ የተናገረውም ቃል ተመዝግቦ የሚቈይበት ጊዜ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ትዝታ ባለበት አዳራሽ «አሁን ግምገማ እናደርጋለን» ሲባል ብልህ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ያመሰግናል። ዝምታው ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ልምድ ያስተማረው ጥንቃቄም ነው።

ይህንን የምንናገረው ከሩቅ አይደለም። ከላይ የተነገረው ስሕተት ከደረሰ በኋላ ለገጠር ጥናት ለሚዘጋጁ 12 ተማሮች የመስተዋቱን ጨዋታ አስጀመርን፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቆሙ፤ መጀመሪያ አንዱ መራ፣ ቀጥሎ ሌላው መራ፣ በመጨረሻም ማንም ሳይመራ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲከታተሉ ታዘዙ። ከዚያም ሳናስብ ያንኑ ቃል ተናገርን፤ ግምገማ አልነው። ሦስት ተማሮች ጨዋታውን አመሰገኑ፤ የቀሩት ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። በተከታዩ ሳምንት ጨዋታውን ሳንለውጥ ንግግሩን ለወጥን። የቅኔ ቤቱን ልማድ ተከትለን ጥያቄውን በሥራው ላይ ብቻ አደረግነው፤ «መስተዋቱ የተሰበረው በየትኛው እንቅስቃሴ ላይ ነው?» የሚል ሆነ፤ የሰው ስም እንዳይጠራ ተከለከለ። በተራውም ነገር ሌላ የቈየ ሥርዓት ተከተልን። በቀድሞው ዘመን በነገሥታቱ ችሎት የፍርድ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ሹም ተጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ነበር፤ የንጉሡም ቃል መጨረሻ ይሆናል። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሚጨምረው እንደሌለ የቀድሞ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛም ከታናሺቱ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ጥቃቅን ነበሩ፤ እጅ ከትከሻ በላይ ሲወጣ ተሰበረ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ተሰበረ የሚሉ። ወደ መካከል ሲደረስ ግን አንዱ ተማሪ፣ መስተዋቱ ዘወትር የሚሰበረው መከተል የታላቁ ተራ ሲሆን ነው አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ተራው የደረሰው፣ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ተማሪ እንዲህ አለ፦ «እውነት ነው፤ ስከተል ዓይኔን ከእጇ ላይ አንሥቼ እናንተን እመለከት ነበር። ስትመራኝ እንዳታዩኝ ብዬ ነው መሰለኝ።» ይህን ቃል ያወጣው ጨዋታው ብቻውን አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ያው ጨዋታ ተጫውቶ ምንም አልወጣምና። ያወጣው የጥያቄው አጠያየቅና የተራው አሰጣጥ ነው። ይሁን እንጂ ጨዋታው ባይኖር ኖሮ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም ነበር፤ «ታናሾችን ታዳምጣላችሁን?» ተብለው ቢጠየቁ ሁሉም አዎን ባሉ ነበር። ልምምዱ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ሳይሆን የሚያደርገውን በፊቱ ያቆምለታል፤ እውነተኛ ጥቅሙም ይህ ነው።

በዚህ ላይ የብራዚሉ ተወላጅ የኦገስቶ ቦአል ሥራ ሊጠቀስ ይገባል። ቦአል በአገራቸው የወታደር መንግሥት በ1971 ታስረው ከተሰደዱ በኋላ፣ በ1973 በፔሩ በማይምነት ማጥፊያ ዘመቻ ሲሠሩ፣ በ1974 ባሳተሙት መጽሐፍ የተገለጸውን ዘዴ አጠናከሩ። በዚህም ዘዴ ተዋናዮች አንድ በደል የተፈጸመበትን ታሪክ ያሳያሉ፤ ሲደግሙትም ከተመልካቹ ወገን ማንም ሰው «ቁም» ብሎ አስቁሞ፣ በተበዳዩ ቦታ ገብቶ ሌላ መፍትሔ ይሞክራል። እዚህ ላይ ምርመራው ከጨዋታው በኋላ የሚመጣ ሳይሆን በጨዋታው ውስጥ የገባ ነው፤ ታናሹም የማቋረጥ መብት አለው። ቦአል ከ1993 እስከ 1996 ድረስ የሪዮ ዴ ጃኔይሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በሆኑ ጊዜ ከእንዲህ ያሉ ትርኢቶች የተነሡ ሐሳቦችን ለምክር ቤቱ አቅርበው ወደ ሕግነት የደረሱ አሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የቦአል ዘዴ በዳይና ተበዳይ በግልጽ የሚለዩበትን ስፍራ ይጠይቃል። በእኛ ቡድን ውስጥ ግን ጋሼ በዳይ አልነበረም፤ ታናሺቱን አልከለከላትም፣ አልተቈጣትም። የከለከላት አክብሮት ነው፤ አክብሮትንም እንደ ጠላት መድረክ ላይ አቁሞ ማሸነፍ አይቻልም፤ ማሸነፍም አይገባም። የሚያስፈልገው አክብሮቱ ሳይጠፋ ቃሉ የሚያልፍበትን መንገድ ማበጀት ነው፤ ለዚህም የችሎቱ ተራ ከቦአል «ቁም» ይልቅ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከዚህ በላይ የተባለውን በአጭሩ ለመደምደም፣ የወይዘሮ ስፖሊን መጽሐፍ ከታተመ ከ60 ዓመታት በላይ ቢያልፈውም ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ በተለይም በስሙ ከሚደረጉት ብዙ ሥልጠናዎች የተሻለ ነው። የጐደለው ነገር በጨዋታው ዙሪያ ያለው ማኅበረሰብ ከጨዋታው በፊት የሠራውን መበላለጥ አለማስገባቱ ነው። ይህን ጕድለት መሙላት የደራሲዋ ሳይሆን መጽሐፉን በየአገሩ የሚሠሩበት ሰዎች ፈንታ ነው። ጨዋታውን ብቻ የሚወስድ ሰው ደቦ ያገኛል፤ ደስ የሚል፣ አጨዳው ሲያልቅ የሚያልቅ። ምርመራውን ብቻ የሚወስድም፣ ሕጉን ካላሳወቀና ታናሹን ካላስቀደመ፣ ሁላችንም የምናውቀውንና የምንፈራውን ስብሰባ ይደግማል።

ከዚያ ወዲህ ወደ ገጠር የሚወጡት ቡድኖች ማታ ማታ የቀኑን ማስታወሻ ጮክ ብለው የሚያነቡበት ጊዜ አላቸው፤ የሚጀምረውም ከታናሹ ነው። ባለፈው ጊዜ ከተመለሱት አንዱ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ወንዶቹ የተናገሩትንና ሴቶቹ የተናገሩትን፣ ሁለቱ እንደማይስማሙ ሳይሸፍን ጎን ለጎን ጽፎ አምጥቷል። አንድ ማስታወሻ ለዘዴው ማረጋገጫ አይሆንም። ነገር ግን ያቺ የመጀመሪያይቱ ተማሪ ማድቤት ተቀምጣ የሰማችው ቃል የሚጻፍበት ስፍራ እንዲህ ባለው ገጽ ላይ ነበር።